የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዜና ዕረፍት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአባቴ ለአቶ ግዛው ወልደማርያም፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ መርዶ አለኝና እባክዎ ይቀመጡ፤ እማዬንም ያስቀምጧት። ሰባት ዓመት በታማኝነት ያገለገለኝ የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ፣ ባለፈው ወር በእንግድነት በሄድኩባት ደሴት ድንገተኛ ማዕበል ወስዶት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። የቀኙ ብቻውን ቀርቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዕድር ስላልነበረው ድንኳን አልተተከለም።

አሁን ወደ ሰላምታዬ። እንዴት ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዐይንዎ ሞራ አልባሰም? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? የእማዬ ወገብ ደህና ነው? ደንገል ታጭዶ አዲስ ታንኳ ተሠራ፣ ወይስ ያችኑ ውሃ የምታስገባዋን እየቀዘፉ ነው? እምቦጩስ ሐይቁን አልፎ እኛ ዳርቻ ደረሰ ወይስ ገና ነው? እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ እንቅልፍ ብቻ ሸሽቶኛል። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩዎት ማቲዎስ ስልኩን ይዞ ከእኔ በላይ ስለሚያወራ ነው። ስለዚህ ለፋሲካ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ይህን ደብዳቤ ሰጠሁ። የሚያነብልዎም ያው ማቲዎስ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ሲያነብ ግን ያልጣመውን እንደ ዓሣ እሾህ እየለየ ይተፋል። እባክዎ ጎረቤታችን መምህር ዘሪሁን አጠገቡ ተቀምጠው መስመሩን በጣታቸው ይከተሉልኝ። ማቲዎስ፣ አትኮሳተር፤ ይቺንም ጮክ ብለህ አንብባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ በአንድ ሺፍት አሥራ አምስት ክፍል አጸዳለሁ። ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሳልቀር በመሥራቴ ስሜ ዕጣ ውስጥ ገባና አምስት ቀን በሆቴሉ ወጪ ወደ አንዲት ሞቃት ደሴት ተላክሁ። ስሟን አልጽፍም፤ ማቲዎስ ሊሄድ ያምረዋል። የእኛ ሆቴል ግቢ ውስጥም እኮ ደሴት አለ፤ በምድረ በዳ መሀል በመኪና የመጣ አሸዋ፣ የላስቲክ ዘንባባ፣ ማዕበል የሚሠራ ሞተር። ከውሸቷ ደሴት ወደ እውነተኛዋ ተሸለምኩ ማለት ነው።

እዚያ ደርሼ ምን ያደረግሁ ይመስልዎታል? በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ የራሴን አልጋ አነጠፍኩ! አንሶላውን ወጠርኩ፣ ማዕዘኑን አጠፍኩ፣ መስተዋቱን ወለወልኩ፣ መታጠቢያ ቤቱን ፈተግሁ። እጄ እንጂ እኔ አይደለሁም። ክፍሉን ልታጸዳ የመጣችው ሊና የምትባል የደሴቲቱ ተወላጅ በሩን ከፍታ ስታይ ደርቃ ቀረች። ተቆጣጣሪ የላኩባት መስሏት ዕንባዋ መጣ። በስብርባሪ እንግሊዝኛዬ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ ብዬ ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ከዚያ የአንሶላውን ማዕዘን ገልጣ ቼክ አደረገችና፣ ይቺ እጥፋት የእንግዳ እጅ አይደለችም፣ የባለሙያ ናት፣ ትራሱ ግን ጠማማ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እኔ ለእሷ ስል አልጋውን አተራምሳለሁ፣ እሷ ታነጥፋለች፣ ከዚያ ቁጭ ብለን አለቆቻችንን እናማለን።

በሦስተኛው ቀን በኋላ በር ይዛኝ ወጣች። አባዬ፣ ሆቴል ሁሉ ፊትና ጀርባ አለው፤ ጀርባውን የምናውቀው እኛ ነን። ከፊት ባሕሩ ሰማይ የወደቀበት ይመስላል። ከጀርባ አንድ ወፍራም ቱቦ የዚያን ሁሉ እንግዳ የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸክሞ ባሕር ይገባል። ከውሃው በታች ዓሣ የሚራባበት ኮራል የሚባል ነገር አለ፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፣ ልጅ ሳለሁ እንደ አደይ ሜዳ ያበራ ነበር አለችኝ ሊና። አሁን እንደ አጥንት ነጥቶ ቆሟል። ለመዋኛ ገንዳው ንጹሑ የከርሰ ምድር ውሃ ተስቦ ስላለቀ የሠፈሯ ጉድጓድ ጨው ጨው ይላል። ክፍሌ ውስጥ ደግሞ፣ ባሕራችንን ለማዳን በፎጣዎ ደግመው ይጠቀሙ የሚል ካርድ ተሰቅሏል። ሳቄ መጣ፤ ያንኑ ካርድ እኔም እዚህ ሰባት ዓመት ሰቅያለሁ።

እንቅልፌን ወደነሣኝ ነገር ልምጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንግዶች ዳርቻው ላይ ይሰበሰባሉ። አንድ ሽማግሌ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ መረብ ይጥላል። መረቡ ብርሃኑ ላይ ተዘርግቶ ሲወድቅ ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሣል። እኔም አጨበጨብኩ፤ አነሣሁም። ጫማዬን ማዕበል የወሰደው ያኔ ነው፤ ፎቶው እንዲያምርልኝ እስከ ጉልበቴ ገብቼ። ሽማግሌው መረቡን ሳበ፤ ባዶ። ደግሞ ጣለ፤ ባዶ። በማግስቱ ፎቶውን ለሊና ባሳያት፣ አባቴ ነው አለችኝ። ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሆቴሉ ሊሠራ ሲል፣ ለልጆቼ ሥራ ይገኛል ብሎ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው። ሥራውም ተገኘ፤ አልዋሹትም። እሷ አንሶላ ታነጥፋለች፣ እሱ ዓሣ በሌለበት ባሕር ላይ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ተቀጥሯል።

እዚህ ዊንቸስተር ሠፈር ወደሚገኘው ቤቴ ብመለስም ሽማግሌው አልተወኝም። ሥራ ላይ አንሶላ አራግፌ አየር ላይ ሲዘረጋ መረቡን አያለሁ፤ ሲወድቅ ጭብጨባው ይሰማኛል። በቀን አሥራ አምስት ክፍል፣ በየክፍሉ። ፎቶውን ልደመስሰው ስልኬን ስከፍት የሚያየኝ ፊት የእርስዎ ነው፤ ግንባሩ፣ የጎበጠው ትከሻ። አብራኝ የምትሠራው ሐሌሉያ፣ ኦቨርታይም ነው ያዞረሽ፣ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ጠበሉስ ከየት ይምጣ? ይህች ከተማ የምትጠጣው ሐይቅ ራሱ ሸሽቶ፣ ድሮ የደረሰበትን ተራራው ላይ ነጭ መስመር አስምሮ ወርዷል።

አባዬ፣ ሎጅ እንሠራለን ያሉት ሰዎች ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወረቀት ይዘው እንደሚመለሱ፣ የደንገሉን ዳርቻ እንዲለቁላቸው አውራ ጣትዎን እንደሚጠይቁዎት አውቃለሁ። እርስዎ ካተሙ መንደሩ ሁሉ እንደሚከተልም አውቃለሁ። ባለፈው በስልክ፣ ያትሙ አባዬ፣ ሥልጣኔ ነው ያልኩት እኔው ነኝ። ደንገሉ ከተመነጠረ ዓሣው የት ይወልዳል? በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ስትባባሉ ዘመን አለፈ፤ ያን ጊዜ ዓሣው ራሱ ክርክሩን ይዘጋላችኋል፣ ባለመገኘት። ማቲዎስ፣ ባለ ኮፍያ የጀልባ ካፒቴን ትሆናለህ እንዳሉህ ሰምቻለሁ። ኮፍያውን እኔ እልክልሃለሁ፤ ሁለት። አባቴን ግን ታንኳ ላይ አስቀምጠው እንግዳ ሲያጨበጭብለት ማየት አልችልም፤ እንዴት እንደሚጨበጨብ አውቀዋለሁና።

አያትሙ አባዬ። የሎጁን ሥዕል ሲያሳዩዎት ፊቱ ያምራል። ጀርባውን አሳዩኝ፣ ቱቦው የት ይወጣል ይበሏቸው። ካላሳዩዎት አውራ ጣትዎን ኪስዎ ይክተቱት።

የእማዬን ጉልበት ሳምኩ። ለአክስቴ ለልዕልት፣ የላከችልኝ በርበሬ ጎረቤቶቼን ሁሉ አስነጥሶ እኔን እንዳጠገበ ይንገሩልኝ። መምህር ዘሪሁንን ለጣታቸው ድካም አመሰግናለሁ። ማቲዎስን፣ ተቆጥቶም ቢሆን፣ ሁለቱንም ጉንጩን ሳምኩት። ደንገሉ ውስጥ ለሚውለው ጉማሬ፣ ዳጉሳችንን ቢበላም፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እሱም አደራ፣ ምንም ወረቀት ላይ እንዳይረግጥ።

ልጅዎ ጽጌወይን ግዛው
ዊንቸስተር፣ ላስ ቬጋስ
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ አንቀጽ የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ነው። ጫማው አልሞተም። ላስቲክ ነው፤ አይሞትም። ሽማግሌው፣ ሊና፣ እርስዎ፣ እኔና የልጅ ልጆቻችን ካለፍን በኋላም እዚያ ባሕር ላይ ይንሳፈፋል። ለተፈጠረው ስሕተት ባሕሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።