ለንቦቹ የሚነገር የለም

ኮሶዬ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለክንዱ፤ ባለህበት አገር ሌሊቱ ሰላም፣ ቀኑ ብርሃን ይሁንልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስፔን ባሕር ዳር ስለሚኖሩት ስለ ባስኮች ኑሮ ፊልም ስትሠሩ ያረፍክበት ቤት እመቤት በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የሠራችልህን አሳ እንደወደድከው ጽፈሃል። በጾም መብላትህን ለነፍስ አባትህ አልነገርኩም። በማግስቱም ካሜራህን ይዘህ ከአሳ አጥማጆች ጋር ባሕር እንደምትገባ ጽፈሃል። ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ በሰኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጻፍከውን ክረምቱ መንገድ ዘግቶበት ይሆናል።

ባስኮች ከቤቱ ሰው ሲሞት ቀፎውን አንኳኩተው ለንቦቹ ይነግራሉ ያልከውን ለጎረቤት ሳነብ ሁሉም ሳቀ። ንቦቼን የሚጠብቅልኝ አያ ጎሹ ብቻ አልሳቀም።

ትናንት ጓሮ ብወጣ፣ ጋቢውን እንደ ለቀስተኛ አደግድጎ ቀፎውን በጣቱ ያንኳኳል።

«አያ ጎሹ፣ ምን እያልካቸው ነው?» አልኩት።

«ምንም እሜቴ፤ አደይ አበባው ዘንድሮ ሸጋ ነው እያልኳቸው ነው።»

«አበባውንማ ካንተ በፊት አይተውታል። ሂድ ከዚህ! በኔ ቤት ለንብ የሚነገር ነገር የለም።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አመሻሽ ላይ ራሴ ወጣሁና፣ ክንዱ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነገርኳቸው።

በገዛ እጅህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ፊደልህ ቢንጋደድም አልቆጣም። የእናትህ አምላክ በየብስም በባሕርም ይከተልህ።

አያትህ ሸዋገነት