ከገመዱ ውስጥ የታጨደው ቄጠማ

ውድ እማዬ፣

ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ጽፌ በወንድሜ በሀዲስ እጅ ልኬልሻለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለቴ ተነስቼ አሌክሳንድሪያ አንቺ ጋ ልገባ ድልድዩ ጋ ስደርስ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ እንደምገባ ጨነቀኝ።

የዚያን ቀን ለበዓሉ ዋዜማ ብቻሽን ከምትውዪ ብዬ ሥራ ቦታዬ ይዤሽ ሄድኩ። «ባሕሩ የበላውን ጨዋማ ረግረግ መልሰን ሣር ተክለንበታል፤ በየዓመቱ እየሄድን መያዝ አለመያዙን እንለካለን» ስልሽ ሳቅሽ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣር ስታዪ! እስካሁን አልለየለትም?»

አልለየለትም፣ እማዬ። ሣሩ ከዓመት ዓመት ይወፍራል፤ መሬቱ ግን ውኃው ከፍ የሚለውን ያህል ከፍ አይልም። ከአጠገቡ ካለው ነባሩ ረግረግ ጋር ሳስተያየው አንድ ዓመት ደህና ይመስለኛል፣ በሌላው ዓመት ተስፋ ያስቆርጠኛል። ዳነ ልበል ወይስ አልዳነም? ዘንድሮ በሪፖርቱ ቁርጡን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

ጭቃው ውስጥ ሆኜ ስለካ፣ አንቺ የብርቱካን መላጫሽን ቢላ ከቦርሳሽ አውጥተሻል። ዘወር ስል በገመድ ከከለልናቸው የመለኪያ ካሬዎች አንዱ ውስጥ ተንበርክከሽ ታጭጃለሽ።

«እማዬ፣ ስቶፕ! ፕሎቱ እኮ ነው!»

«የምን ፕሎት? ለበዓሉ ቄጠማ ነው። ግሮሰሪ የሚሸጡልን የጠወለገ ነው።»

«ገመዱ አይታይሽም?»

«ሰው እንዲያጭደው የከለሉት መስሎኝ ነዋ! የለማውን መርጠው።»

በሥራ ባልደረቦቼ ፊት ጮኽኩብሽ። አማርኛ ባይሰሙም ምን እንዳልኩሽ ገብቷቸዋል። አንቺ መኪናው ውስጥ ቄጠማውን ታቅፈሽ እስከ ቤትሽ ድረስ መስኮት መስኮቱን አየሽ።

የለማው ነው ያልሽው እውነትሽን ነው። ገና ያልለካሁት ካሬ እሱ ነበር፣ ከሁሉም የተሻለውም እሱ ነው። እሱ ከስሌቱ ከወጣ ውጤቱ ከታሰበው በታች ይወርድና «አልተሳካም» ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ዳርቻ ልንተክል ያሰብነውም ይቀራል። አለቃዬ «ካሬውን ተዪው» ይላል። አብራኝ የምትሠራው ሲሐም «የአምናውን ቁጥር አስገቢ» ትላለች። አንዱን ስሰማ ልክ ይመስለኛል፣ ሌላውን ስሰማ እሱም ልክ ይመስለኛል፣ ቤቴ ስገባ ሁለቱም ያስጠሉኛል።

ትናንት ሜትሮ ባቡር ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እኛም አንዳንድ ዓመት ከካሬዎቹ ሣር አጭደን፣ አድርቀን እንመዝናለን። በመቀስ ነው እንጂ ያው ያንቺ ሥራ ነው። ሀዲስን ስጠይቀው ቄጠማው እስካሁን ሳሎን ተጎዝጉዟል አለኝ። እባክሽ እንዳትጥዪው! ግን እኮ እንግዳ ረግጦታል፣ ከገመዱ ውጭም አጭደሽ ቀላቅለሽ ይሆናል። መዝኜ ብወስደው አለቃዬ ይቀበለኛል? እኔስ ራሴን አምነዋለሁ? ሚዛን ይዤ ልመጣ የፈለግሁት ለሣሩ ይሁን አንቺን ለማየት፣ እሱም ተደባልቆብኛል።

ሪፖርቱ ላይ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። በሰው ፊት ልጮህብሽ እንደማይገባኝ ግን አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ጠርገሽ ጥለሽው ከሆነም እመጣለሁ። ከፈለግሽ ቀኑን ሙሉ አታናግሪኝ፣ ብቻ በሩን ክፈቺልኝ።

ልጅሽ ሚስጥር