ሲ ላይም ዲ ላይም የነበረው ምርቃት

ጥር 4፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ከዚያ የላፕቶፑ ስክሪን ጥቁር። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ባትሪውን ነቅዬ መለስኩት፣ እንዲያገሳ እንደሚፈለግ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። ጠቅ።

ደብተሬ፣ አንተ ደስ ይበልህ። ስንት ጊዜ «ኋላ ቀር፣ መብራት እንኳ የማታውቅ» እያልኩ አላግጬብሃለሁ። በል ሳቅ። አንተ ዛሬም ትከፈታለህ። እሱ አይከፈትም።

ትናንት ከቤሌ ከተማ ስመለስ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፑ እንደበራ ጭኔ ላይ። ለተሳፋሪው የቀረጽኩትን የሰርግ ቪዲዮ አሳያለሁ፤ ሽማግሌው ዲያቆን ኬክ ሲቆርሱ ጠረጴዛው የሚከዳቸውን። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሾፌሩም በመስታወት ለማየት አንገቱን ሲያስረዝም ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ላፕቶፑ ከጭኔ ዘሎ ወለሉ ላይ አረፈ። ያኔም ስቀናል።

ቪዲዮዎቹ ይቅሩ። ግን የሳሙኤል ምርቃት እዚያ ውስጥ ነው።

ጥር 5፣ ጠዋት

አልተኛሁም። ነገሩን ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ሳሙኤል ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንጌላዊ። ማይክ ሳይዝ ከቤ/ክ ውጭ የቆመውን ሰው ሁሉ የሚያሰማ። ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ላይናገር እንደሚችል አልደበቁትም። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር ከደጅ ከመውጣቷ በፊት አባት አናቷ ላይ ቅቤ አድርጎ ይመርቃታል። የአባት ቃል ሳይሰማ መኪና አይነሳም። አንዳንድ የቤ/ክ ሽማግሌዎች ስለ ቅቤው ሲያጉረመርሙ ሳሙኤል ቃሉ ጸሎት ነው፣ ቅቤው ቅቤ ነው ይላቸው ነበር።

ምሕረት አንድ ልጁ ናት። ያኔ እጮኛ እንኳ አልነበራትም። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት እኔ ቤት መጣና ድምፄን ለዚያ ቀን አስቀምጥልኝ አለ። በወላይትኛ መረቃት። በእኔ ማይክ፣ በዚህ ላፕቶፕ። ለማንም እንዳላሰማ አስማለኝ፤ በተለይ ለእሷ። ስልኬ ላይ ያላደረግሁትም ለዚህ ነው። ስልኬን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምትይዘው።

ከሞት ተረፈ። ድምፁ አልተረፈም። አሁን ስልኩ ላይ እየጻፈ ያሳያል።

ሰርጉ የዚህ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው።

ግን አትደንግጥ። እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሲ የሚባለው ዲስክ ላይ አለ። ዲ የሚባለው ላይም ገልብጬዋለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ጥር 6፣ ማለዳ

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። በመነካካት ተማርኩ፣ በማበላሸት ተመረቅሁ። ስለዚህ ትናንትም የራሴን ዘዴ ፈለግሁ። አንድ ሰው በቪዲዮ እንዲህ ይላል፦ ጠቅ የሚል ሃርድ ዲስክ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረዶ ቤት ካደረ ለትንሽ ጊዜ ይነሳል። ነቀልኩት። በጎረቤቴ በባለ ሥጋ ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ፣ በሽንጥና በዳጣ ብልቃጥ መሃል አሳደርኩት። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የሙሽራዋ ስጦታ ነው፣ እንዳትቆርጠው አልኩት።

አሁን አውጥቼ ገጠምኩት። ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ። ሽታው ዳጣ ዳጣ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይላል። ጠቅ ማለቱንም ተወ። አሁን የሚያሰማው እንደ ፋቅ ፋቅ ያለ ነገር ነው።

ከሰዓት

ኤፍሬም ጋ ወሰድኩት። ከጎንደር መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ፤ የፍሪጁን ታሪክ ስነግረው ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው። እኔም አላሳቀኝም። ቢሆንም ተዝናንቼ ነበር፤ ሲ ቢሞት ዲ አለ አልኩት።

ዲስኩን ወደ እኔ አዞረው። «ጋሼ፣ ሲ እና ዲ እኮ አንድ ዲስክ ናቸው።»

አሹፎብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። አላሾፈም። አንዱን ዲስክ ለሁለት ከፍለው ነው ስም የሚሰጡት። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ለሰፈሩ ሁሉ «ዕቃህን ዲ ላይ አስቀምጥ» እያልኩ ስመክር ኖርኩ። ሁለት ቤት አለኝ ብዬ ስኮራ፣ ለካ አንድ ክፍል መሃሉን መጋረጃ ጋርጄ ነው። እሳቱ ደግሞ መጋረጃ አያውቅም።

ዲስኩን ሁለተኛ እንዳላበራው ለመነኝ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ከፍተው የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ነገ ወደዚያ በሚሄድ ጓደኛው ይልካል። ለላፕቶፑም አዲስ ዲስክ ገጠመልኝ። አዲሱ ፈጣን ነው። ጠላሁት።

ጥር 13

ኤፍሬም ደወለ። የሚያነብበው ክፍል የዲስኩን ገጽ ፍቆታል፣ እርጥበትም ገብቷል። ምንም አልወጣም። «ጋሼ፣ በጣም አዝናለሁ» አለ። ባይልልኝ በወደድኩ።

ዛሬ ሁሉም ሰው ያስጠላኛል። ሾፌሩ። የሳቁት ተሳፋሪዎች። በቪዲዮ የሚመክረው ሰውዬ፤ ጤዛውን ምነው አልነገረኝ! ምሕረት ደግሞ ለሰርጓ ምን ዓይነት ቀልድ እንዳዘጋጀሁ ልትጠይቅ መጣች። «ጋሽ ታዴ፣ አማቶቼን እንዳታስደነግጣቸው ብቻ!» ብላ ጆሮዬን ጎትታኝ ሄደች። ጥርሴን አሳየኋት። ሳቅ መሰላት።

ጥር 15

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ላድርግ ነው። አትፍረድብኝ። ወይም ፍረድ፤ አፍ የለህም።

ልጅ ሳለን በሳሙኤል ድምፅ ከበር ጀርባ እየተጣራሁ እናታችንን አሞኝ ነበር። ስናድግም በስልክ እሱን ሆኜ ስንቱን ተጫወትኩበት። ችሎታው አልጠፋም። ማይኩን አወጣሁ። አዲሱ ዲስክ ላይ፣ በሳሙኤል ድምፅ፣ ምሕረትን መረቅኋት።

ያለውን በትክክል አላስታውስም። ያን ዕለት የእኔ ዓይን ስክሪኑ ላይ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል የሚዘልለው አረንጓዴ መስመር ላይ ነበር። ስለዚህ ከራሴ ጨመርኩ። ልጆች፣ እርሻ፣ ረጅም ዕድሜ፣ እንደ አባትሽ ጽኑ ሁኚ። አማረ። ሳዳምጠው ጸጉሬ ቆመ። እሱ ነው። ከሕመሙ በፊት የነበረው እሱ።

እንዳይጠፋ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። ስልኬም ላይ። አሁን ተምሬያለሁ።

ጥር 17፣ ከሰዓት

ተያዝኩ። ወይም አልተያዝኩም፤ ይህ ይብሳል።

አንዱ ቦታ ላይ ሳሌ ይሰማል ብዬ ቅጂውን ከፍቼ እደጋግመው ነበር። አስቴር፣ የሳሙኤል ሚስት፣ ስለ ሰርጉ ድንኳን ልትነግረኝ መጥታ በሩ ላይ ሰማችው። ስወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ነጠላዋ አፏ ላይ ነው።

«ታዴ፣ ድምፁ እኮ ነው» አለች። «ከየት አመጣኸው?»

ድሮ የቀረጽኩት ነው አልኳት። ቃሉ ራሱ እውነት ነው፤ ድሮ ቀርጬ ነበር። ቀኑን ሙሉ በዚህ ራሴን ሳታልል ዋልኩ። ተንበርክካ እጄን ልትስም ስትል ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ለሳሙኤል ልነግረው ነው ብላ እየሮጠች ሄደች።

ጥር 18

መጣ። ብቻውን። ተቀምጦ አሰማኝ ብሎ በእጁ አመለከተ።

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። መሃል ላይ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቃሉን ሊከተል። ከዚያ ቆመ። እስከ መጨረሻው ሰማና ስልኩን አውጥቶ ጻፈ።

«ይሄ አንተ ነህ።»

እንደገና ጻፈ። «የኔ አጭር ነበረች። የት አለች?»

ሁሉንም ነገርኩት። ሚኒባሱን፣ ፍሪጁን፣ ሲ እና ዲን። ስለ ፍሪጁ ስነግረው ሳላስበው ድምፄ ወደ ቀልድ ሄደ፤ አፌ ሌላ መንገድ አያውቅም። አልሳቀም። ምን ምን ብለህ ነበር፣ ጻፍልኝና ሌላው ቢቀር ቃሉ ይትረፍ አልኩት። ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ።

«እኔም አላስታውስም። ፈርቼ ነበር።»

ተነስቶ ወጣ። አልተሰናበተኝም።

ጥር 21

ሳሙኤል ቤት ሄድኩ። ድንኳን እየተከሉ ነው። አየኝና ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ገባ። ድምፅ ያለው ሰው ቢቆጣ ይጮሃል፣ ጮሆ ይወጣለታል። የሱ ቁጣ መውጫ የለውም። እዚያው ያድራል።

አስቴርም አውቃለች። ቡና ጠጣ አላለችኝም። «ያን ቀን ያለቀስኩትን መልስልኝ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ምሕረት ግን አንዳች ነገር ሸቷታል። አባቴ ድምፅ አስቀምጦልኛል አሉ፣ እውነት ነው? ብላ አፈጠጠችብኝ። ድንኳኑን የሚተክሉትን መርዳት አለብኝ ብዬ ሸሸሁ።

ጥር 23፣ ጠዋት

መልእክት። ከሳሙኤል።

«እኔ ቅቤውን አደርግላታለሁ። እጄን አናቷ ላይ አኖራለሁ። ያለ ቃል። የምትወጣው እንደዚያ ነው። አንተ ግን ዛሬ ንገራት። በራስህ ድምፅ።»

ደግሜ አነበብኩት።

10 ሰዓት

እንድትመጣ ልኬባታለሁ።

ፍላሹ ላይ ያለውን አጠፋሁ። ስልኬ ላይ ያለውንም። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውንም። ታያለህ፣ ውሸቱን ሦስት ቦታ አስቀምጬው ነበር። እውነተኛው አንድ ቦታ ነበር።

ደረሰች። ከውጭ ትጮሃለች፦ «ጋሽ ታዴ፣ ክፈት እንጂ! ምን ደብቀህ ነው?» እየሳቀች ነው። ቀልድ የጠራኋት መስሏታል፤ መቼ ለሌላ ነገር ጠርቻት አውቅና።

በለሆሳስ «ምሕረት» ብዬ ሞከርኩ። በሳሙኤል ድምፅ ወጣ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት። አሁንም እሱ። ሦስተኛው ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ማንንም አይመስልም።

ይሄኛው ነው መሰለኝ። ልከፍትላት ነው