«እዚሁ እሠራለሁ» ያሉት የዶክተር ሩሀማ ግዛቸው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሩሀማ ከአባታቸው ከአቶ ግዛቸው ሳምሶንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ ኅዳር 12 ቀን 1970 ዓ.ም ሀዋሳ ከፒያሳ ጀርባ ባለው ሰፈራችን ተወለዱ። በልጅነታቸው ጸጥተኛ ነበሩ ብለን ብንጽፍ እናታቸው ከፊት ተቀምጠው ይታዘቡናል። እልኸኛ ነበሩ።

ትምህርታቸውን እዚሁ ከተማ አጠናቀው በ1988 ዓ.ም ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1995 ተመርቀው በጠቅላላ ሐኪምነት ወደ ከተማቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ አንጀቱ የተዘጋ ጨቅላ ሲመጣ ለአዲስ አበባ ሪፈር ከመጻፍ ሌላ ምንም አይደረግለትም ነበር። ሪፈር ከጻፉላቸው አንዱ ገና ሻሸመኔ ሳይደርስ እናቱ እቅፍ ውስጥ አረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተምሬ መጥቼ እዚሁ እሠራለሁ» ማለት አበዙ።

በ1999 ዓ.ም የሕፃናት ቀዶ ጥገና ስፔሻላይዜሽን ሊማሩ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና ወድቀው ደግመው ማለፋቸውን ራሳቸው ስላልደበቁ እኛም አንደብቅም። ሲጨርሱ እዚያው እንዲቀጠሩ ተለምነው እምቢ አሉና በጥር 2004 ሁለት ሻንጣ ይዘው ገቡ።

እዚህ ላይ ሰፈራችን ያደረገውን መናዘዝ ግድ ነው። ከውጭ በገዛ ፈቃዱ የተመለሰ ሰው አይተን ስለማናውቅ፣ የተባረሩ መስሎን ነጠላችንን አዘቅዝቀን እናታቸውን ልናጽናና ሄድን። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስማ «አይዞሽ ገበያነሽ፣ ስንቱ ተባርሮ መጥቶ ሰው ሆኗል» ሲሉ፣ ዶክተሯ ከጓዳ ብቅ ብለው «እትዬ አስማ፣ ማን ሞተ? እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት» አሉ። ከዚያም ለቀስተኛውን ሁሉ ሽንኩርቱ ያረረ ምስር ወጥ አበሉት። የጨቅላ አንጀት የሚሰፋው እጃቸው ወጥ ላይ አይበረታም ነበር።

ሥራውም ዝም ብሎ አልተገኘም። ለሕፃናት የሚሆን የማደንዘዣ መሣሪያ የለም ሲባሉ ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የጤና ቢሮው ኃላፊ በር ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው በመጨረሻ መሣሪያውን ያስመጡት ለሕፃናቱ አዝነው ይሁን ዶክተሯ ሰልችተዋቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በ2005 ከቡሹሎ የመጣ የዘጠኝ ቀን ጨቅላ የመጀመሪያ ታካሚያቸው ሆነ፤ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የታከሙትን ልጆች ቁጥር እሳቸውም አያውቁትም። ስድስት ሐኪሞችንም እጃቸውን ይዘው አስተምረዋል።

በ2006 ዓ.ም ከመምህር ፊልሞን ጋር ትዳር መሥርተው አልአዛርንና እስራኤልን ወለዱ።

በጥር 2017 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ውጭ ሄደው እንዲታከሙ ሁላችንም ለመንን። «ያስተማሩኝ ሰዎች ውጤቱን አይተውታል፤ ከዚህ የተሻለ የላቸውም። የቀረችኝን ጊዜ ኤርፖርት ለኤርፖርት አልጨርሳትም» አሉና እስከ ሐምሌ ቀዶ ጥገና ክፍል ቆሙ። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም በ47 ዓመታቸው በዚህችው ከተማ ዐረፉ።

ከትናንት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ «እዚያው ቢቀሩ ኖሮ» የሚል ሹክሹክታ ሰምተናል። በሽታው እዚያም አይምራቸውም ነበር። ደግሞ ተማሪያቸው ዶክተር ሰይፈሚካኤል ከቀብር ቀሩ ብላችሁ የምታሙ አላችሁ። አትሙ። ዛሬ ንጋት ላይ አንጀቱ የተዘጋ ሕፃን መጥቶባቸው፣ ይህ ሲነበብ እነሆ እየሠሩለት ነው። ለአዲስ አበባ ሪፈር አልተጻፈለትም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወላጆቻቸውን ጌታ ያበርታልን። የዶክተር ሩሀማን ነፍስ በክብር ይቀበልልን። ያንንም ሕፃን ይማርልን።