የሦስተኛው ክፍል ውሃ

የካቲት 3

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጠረግኩ፣ መኖ ሰፈርኩ፣ ውሃ ቀየርኩ። ለመጀመሪያው ክፍል ዶሮዎች ንጹሕ ውሃ። ለሁለተኛው የምንሞክረው መድኃኒት በታዘዘው ልክ። ለሦስተኛው ሦስት እጥፍ። አርቢ ተሳስቶ ቢያበዛው ምን እንደሚደርስ ማወቅ አለብን ብላኛለች ሙከራውን የምትመራው ዶክተር። እውነቷን ነው።

ዶሮ የሚመዝነው ባልደረባዬ (ሰውንም በዓይኑ ስለሚመዝን «ሚዛን» እንለዋለን) «እነዚህን እኮ ከእኔ ይልቅ ሐኪም አይቷቸዋል» እያለ ሲያስቀኝ ዋለ።

የካቲት 6

ሦስተኛው ክፍል አላማረኝም። አምስቱ ክንፋቸውን ጥለዋል። አንዷ ልነሣ ትልና እግሯ ይከዳታል... ባለቤቴም በመጨረሻው ሰሞን እንዲህ ነበረች። ግድግዳ ይዛ። «ዛሬ ሻል ብሎኛል» እያለች።

ዶክተሯ ስብሰባ ሄዳለች። እስክትመለስ መዝገቡ በእኔ እጅ ነው። የሦስተኛውን ክፍል ውሃ ደፋሁና ንጹሕ ሞላሁላቸው። መዝገቡ ላይ «ጠጥተዋል፤ ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩ።

የካቲት 7

ዛሬም ደፋሁት።

የካቲት 12

ሁሉም ተነሥተዋል። ይጭራሉ፣ ይጣላሉ። ተመስገን አልኩ... ለምኑ? ስለዳኑ ነው ወይስ ስላልተያዝኩ?

የካቲት 15

ዶክተሯ ተመለሰች። መዝገቡን አየች፣ ዶሮዎቹን አየች፣ ፊቷ በራ። «አባባ፣ ሦስት እጥፍ ጠጥተው እንዲህ ከቆሙማ መድኃኒቱ አይጎዳም ማለት ነው።» ሪፖርቱን በዚህ ሳምንት ትልካለች።

መጥረጊያዬን አንሥቼ ወጣሁ። እኔ ያሰብኩት ለአሥራ ሁለት ዶሮ ብቻ ነበር።

የካቲት 16

የባለቤቴ እህት ደወለች። ሁለት መቶ ዶሮ አላት፤ እያስነጠሱ ነው። እናንተ ጋ የሚሞከረው መድኃኒት መቼ ነው የሚወጣው? አለችኝ። «እኔ መቼም እጄ አይሰስትም፤ ቶሎ ይሻላቸው ብዬ ጨመር ነው የማደርገው።» አውቃታለሁ። ባለቤቴንም ስትታመም የሳል ሽሮፑን በጭልፋ ልታጠጣት ምንም አልቀራት።

ገና ነው አልኳት።

ብናገር ሥራዬ ይሄዳል። ከሥራው ጋር ይህች የግቢ ክፍል። ባለቤቴ ያረፈችው እዚህ አልጋ ላይ ነው፤ ወዴት እሄዳለሁ? ባልናገር ደግሞ... ጸለይኩ። ጸሎቴ ውስጥ እንኳ ስከራከር ራሴን ያዝኩት።

የካቲት 17

ነገርኳት።

መነጽሯን አወለቀች።

«ስንት ቀን?»

«ዘጠኝ።»

«ለምን?»

«አሳዘኑኝ።»

የክፍሌን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ሌላ ሠላሳ ስድስት ዶሮ ይመጣል አለችኝ። «የሚያጠጧቸውም እርስዎ ነዎት።»

ሌላ ሰው ቢሆን አይሻልም ወይ ብዬ ለመንኳት።

«ሌላ ሰው ቢዋሸኝ መጥቶ አይነግረኝም።»

ሥራዬም ክፍሌም ተረፉ። ታዲያ ደረቴ ለምን አልቀለለኝም? ለአሥራ ሁለቱ አዝኜ ሌላ አሥራ ሁለት አስጠራሁ።

መጋቢት 4

አዲሶቹ ከገቡ ስድስተኛ ቀናቸው። ሚዛን ዛሬ አልቀለደም። መዝኖ ቁጥሩን ነገረኝና ወጣ።

ጠዋት ለባለቤቴ እህት ደውዬ፣ መድኃኒቱ ከወጣም ከታዘዘው ጠብታ እንዳታሳልፊ አልኳት። አንተ ደግሞ ሐኪም ሆንክ ብላ ሳቀችብኝ። ማይልኝ አልኳት፣ አስማልኳት።

ከሰዓት በኋላ በእጄ ጻፍኩ፦ «ሦስተኛ ክፍል። ቁጥር 31 ክንፏን ጥላለች። ቁጥር 34 መቆም አቅቷታል። ውሃውን ጠጥተዋል።» ዶክተሯ አንብባ ከሥሩ ፈረመች።

ዘግቼ ልወጣ ነበር። አልሆነልኝም። ከ34 አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጸሎት ጀምሬ አቋረጥኩት፤ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። አፏን ከፍታ ታየኛለች። የንጹሕ ውሃው ጀሪካን እጄ ሥር ነበር።

አልነካሁትም።