ከመርከቡ ያልወረደችው ሴት

ሎሃ፣ ኖቬምበር 5፣ እሑድ ከሰዓት

እማዬ፣ የልቤ ሰው፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊት አሁንም ሾርባው ጨው አነሰው እያሉ ያስቸግሩሻል?

እኛ ደህና ነን። ለሙታን ቀን አክስቴ ዞይላ እንደ ልማዳችን በአሻንጉሊት ቅርጽ ዳቦ ጋገረች። የእህቴን የያዲራንም ድርሻ መቃብሯ ላይ አኖርንላት።

ያልሰማሽው ወሬ አለ፤ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ። አትሳቂ! ድሮ አንቺና ያዲራ እሑድ እሑድ በስልክ ስለ መጽሐፍ ስትከራከሩ እኔ ኳስ ነበር የማየው። እህቴ ስትሞት አንቺ ገና የስፔን የመኖሪያ ፈቃድ ስላላገኘሽና ከወጣሽ መመለሻ ስለሌለሽ ለቀብሯ መምጣት አልቻልሽም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ስልኩ አይጠራም። የምትልኪልኝ «ደህና ነኝ ልጄ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። እኔም ምን እንደማወራሽ ሲጠፋኝ ከያዲራ አልጋ ራስጌ ያሉትን መጻሕፍት አነሳሁ።

የመርማሪው ታሪክ አልጣመኝም። ጮክ ብዬ ሳነብ አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች ገና በሁለተኛው ምዕራፍ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው! ጓንቱን አያወልቅማ!» አለች። እውነቷን ነበር። የግጥሙ መጽሐፍ ግማሹ አልገባኝም፤ ስለ ዝናብ የሚለውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

አንቺና ያዲራ አብራችሁ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁትን፣ ከመርከብ አልወርድም የምትለዋን ሴት ታሪክ፣ በጣም ወደድኩት። አክስቴ ግን ተናደደች።

«ልጇ ወደቡ ላይ ቆሞ እየጠበቃት? እኔ ብሆን በጸጉሯ ጎትቼ አወርዳት ነበር!»

«ከወረደች እኮ መርከቡ ጥሏት ይሄዳል። ተመልሳ መሳፈር አትችልም።»

«አንተ ደግሞ ማን ጠበቃ አደረገህ?»

«ራሴ።»

ሽንኩርቷን ስትከትፍ ቆየችና «ልጁስ አልተቀየማትም?» አለችኝ።

አልተቀየማትም፣ እማዬ። እዚያ የቆመው እንድትወርድለት አይደለም። ከላይ ሆና እጇን እንድታውለበልብለት ብቻ ነው። ደራሲው ይህን አልጻፈውም፤ እኔ ግን እርግጠኛ ነኝ።

አክስቴ ሰላም ብላሻለች። የመርከቡን ሴትዮ ይቅር ብላት እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።

የሚመጣው እሑድ እኔ እደውልልሻለሁ። ማውራት ከከበደሽ አታውሪ። የቀሩትን ገጾች አነብልሻለሁ፤ አንቺ መኖርሽን እንዳውቅ አልፎ አልፎ ሳል በዪልኝ።

የኤል ሲስኔዋ እመቤታችን ከአጠገብሽ አትለይ። ብርዱ ሳይብስ ወፍራም ካልሲ ግዢ።

ልጅሽ ፋብሪሲዮ