ቡታንን ማን ጠየቃት?

እሑድ፣ ጁላይ 9፣ 2017። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ንግግሬን አቀረብኩ። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ። ርዕስ፦ «ህንድና ቻይና ዶክላም ተራራ ላይ ለምን ተፋጠጡ?» ነገሩ ይሄ ነው፤ ቻይና ትንሿ ቡታን የኔ ነው በምትለው መሬት ላይ መንገድ ጀመረች፣ ህንድ ገብታ አስቆመቻት። አድማጭ ሃያ ሦስት። ነቅተው የነበሩ አሥራ ዘጠኝ። ባለቤቴ ከቀሩት አራት አንዷ ናት።

ደብተር ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ለታሪክ ይጻፍ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኦክላንድ ወደብ በር ላይ በከባድ መኪና ተሰልፌ የቻይና ኮንቴይነር እጠብቃለሁ። አስተያየቴን የሚጠይቀኝ የለም። በወር አንድ እሑድ ግን፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከሐጂ ዑስማን ሱቅ ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ የእስያ ጸጥታ በእኔ እጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። እስያም ተርፋለች።

ዛሬ ግን አንድ እጅ ተነሳ። አዲስ ሰው። ከሳን ሆዜ የመጣ፣ አቶ ይልማ። አገር ቤት ለቻይና መንገድ ሠሪዎች ዓመታት አስተርጓሚ ነበር አሉ። «ጋሼ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው። ቡታንን ብቻ ከኔፓል በስተምዕራብ ነው የሣሏት፤ በምሥራቅ ነች» አለ።

ጋሼ! በአራት ዓመት ለምበልጠው ሰው!

ሳቅ ሆነ። ባለቤቴ አስቴር በሳቁ ነቃች። ሐጂ ራሳቸው፣ የአዳራሹ ጌታ፣ የከረኑ ሽማግሌ፣ በነጭ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሙሉ አልጽፍም። «ይ.» ይበቃዋል።

እሑድ፣ ጁላይ 16።

ሐጂ ለይ. እሑድ ሰጡት። «ለሙከራ» አሉኝ። ቻይናም መንገዱን የጀመረችው ለሙከራ ይሆናል።

ላፕቶፕ ይዞ መጣ። የዶክላም ፎቶ ግድግዳው ላይ ፕሮጀክት አደረገ፤ ወታደሮቹ ደረት ለደረት ሲገፋፉ። እኔ በማርከር ስሥል የኖርኩትን ሰው በቀለም አየው። ሰው ሁሉ «ኧረ!» ይላል። እኔ ፊቴን አኮሳትሬ፣ እንደ ገለልተኛ ታዛቢ።

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት፦ አስቴር ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ጻፈች! ገጽ ገለበጠች! ሁለት ጥያቄ ጠየቀች። በአሥራ አንድ ዓመት እኔን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ እሱም መቼ እንደምጨርስ።

መኪና ውስጥ ምን ጻፍሽ አልኳት፤ እንደ ቀልድ። ሆስፒታል አብራት የምትሠራ ህንዳዊት ስላለች ልትነግራት ፈልጋ ነው። ታዲያ የህንድን ጉዳይ እኔ አልነግራትም ነበር? የሒሳብ አስተማሪዬ ህንዳዊ ነበር። ጆሮዬን በኪሎ ሜትር ጎትቶ ያስተማረኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በኔ በኩል ህንድ ትከበራለች። ይሄ የውጭ ፖሊሲ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 20።

ሐጂ አስታወቁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ንግግሩ የአንድ ሰው ይሆናል። ኦገስት መጨረሻ ይወስናሉ። ሁለት አፍ ላለው አዳራሽ ጆሮ አይገኝም ብለው ነው።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ወይ እኔ፣ ወይ ይ.። እኔ ካልሆንኩ ከሰኞ እስከ እሑድ ሹፌር ነኝ።

ሐጂ ኩላሊታቸው ታሟል። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ሪችመንድ እጥበት ይሄዳሉ። ያመላልሳቸው የነበረው የእህታቸው ልጅ ሲያትል ገባ። ማክሰኞ እኔ እወስድዎታለሁ አልኳቸው። እሺ አሉ፣ መረቁኝ። ይ. ይሄን ሰምቶ ሐሙስን ያዘ፤ ለዚህ ብሎ ከሳን ሆዜ ድረስ! ተመልከት እንግዲህ ተስፋፊነትን።

ቅዳሜ ገና አልተካለለም።

እሑድ፣ ጁላይ 30።

ቻይና ከሲሪላንካ ወደብ ተከራየች። ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት። ጅቡቲ ላይ ደግሞ የጦር ሰፈሯን ልትከፍት ነው። ህንድ በሁለቱም እንቅልፍ አጥታለች። እኔም።

ምክንያቱም፦ ይ. ለአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ሰጠ። በስጦታ። ሪሞቱ ግን የት ነው? ኪሱ ውስጥ ነው። ሐጂን ወደ ጥግ ወስጄ አስጠነቀቅኳቸው፤ ሲሪላንካንም የጀመሯት እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ስጦታ፣ ቀጥሎ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ያዩታል አልኩ።

በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፦ «ልጄ፣ እስካሁን ያንተ ስጦታ ምክር ነው። ምክር ደግሞ ግድግዳ ላይ አይበራም።»

የሱቃቸውን ፍሪጅ በር ጠገንኩላቸው። ወዲያው። በሁለተኛው ቀን የመኪና ጎማ አመጣሁ። መኪና እንደማይነዱ ያስታወስኩት ካወረድኩት በኋላ ነው። ተቀበሉኝ። ሽማግሌው ቂል አይደሉም። እኔ ስገባ ይ. ደውሎ እንደነበር ይነግሩኛል። እሱ ሲገባ ስለ ፍሪጁ እንደሚያወሩለት ጥርጥር የለኝም። ትናንሾቹ አገሮች እንዲህ ነው የሚኖሩት። አልወቅሳቸውም። ግን ቀናሁ፤ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ሞቅ ይላል።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 8። ሪችመንድ፣ ክሊኒኩ መኪና ማቆሚያ።

ሐጂ ውስጥ ናቸው። አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ከማሽኑ ሲነሱ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነው፤ ክንዴን ይይዛሉ። ያኔ ስለ ይ. አላስብም። አንድ ደቂቃ ያህል።

በፊት አንድ ማክሰኞ መንገድ ላይ ነገሩን አንስቼ ነበር። ቅዳሜንም እኔ እወስድዎታለሁ አልኩ። እሺ አሉ። ደስ አለኝ፣ ቅዳሜ ተካለለ። ኋላ ግን ከአስቴር ሰማሁ፤ ይ. ቅዳሜ የኔ ነው እያለ ለሰው ይናገራል። እሱንም እሺ ብለውታል።

ደብተር ሆይ፣ የኛ ሰው እሺ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የትኛውም የጸጥታ ተንታኝ አላጠናውም። ሐጂ ደግ ሊያደርግላቸው የመጣን ሰው እምቢ አይሉም፤ ነውር ነው። እኔ ለይ. አልደውልለትም፤ ውርደት ነው። እሱም አይደውልም። እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድሞ የደረሰ ይወስዳቸዋል። ባለፈው አሥር ደቂቃ ቀደመኝ። ከኋላው ሪችመንድ ድረስ ተከተልኩት። ለጥንቃቄ።

ዓርብ፣ ኦገስት 18።

ሰበር ዜና። ይ. ነገ ጠዋት ፕሮጀክተሩን አዳራሹ ጣሪያ ላይ ሊገጥም ነው። መሰላል፣ መሰርሰሪያ፣ አራት ሰው። ውሳኔው ሳይሰጥ! መጀመሪያ መንገዱን ትሠራለህ፣ ከዚያ መሬቱ የኔ ነው ትላለህ። ዘዴው ይሄ ነው።

ህንድ ምን አደረገች? ቡታንን ልታስጥል ወታደር ይዛ ገብታ ከቡልዶዘሩ ፊት ቆመች። እኔም እቆማለሁ። ለሐጂ ብዬ።

አስቴር እጇን እየታጠበች፦ «ሐጂ ና ብለውሃል?»

የጸጥታ ጉዳይ ግብዣ አይጠብቅም አልኩ፤ በታላቅ እርጋታ።

«አንተስ ቅናትህ ግብዣ አይጠብቅም» ብላ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 19። ከቀኑ 10 ሰዓት።

በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የመኪናዬን ራስ ብቻ፣ ያለ ተጎታቹ፣ የሐጂ ሱቅ፣ አዳራሽና ቤት ባለበት ግቢ በር ላይ አግድም አቆምኩ። ሰው እንኳ በጎን አያልፍም። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

1 ሰዓት። ይ. ደረሰ። መኪናዬን አየ፣ መሰላሉን አወረደ፣ ተደገፈበት። «ጋሼ፣ መንገዱን ይልቀቁ እንጂ።» መንገድ እንዲሠራ ማንንም አልጠራሁም አልኩ። ግቢው የእርስዎ ነው ወይ አለ። የእርስዎስ ነው ወይ አልኩ። ከዚህ በኋላ አንዱ ሌላውን የሚያይበት ሁለት ሰዓት ነው። ሰዎቹ ቡና ሊገዙ ሄዱ። ውስጤ ግን፣ ለአንተ ምን እደብቃለሁ፣ በደስታ ይዘል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ስለ ድንበር አውርቼ ዛሬ ድንበር ሆንኩ።

3 ሰዓት ከሩብ። አስቴር ደወለች። ከክሊኒኩ ኮል አድርገውላት ነው፤ የሐጂ ወረቀት ላይ የድንገተኛ ተጠሪ እሷ ናት። ወንበራቸው ባዶ ነው።

«ሐጂ የታሉ?»

ይ. ወስዷቸዋል አልኩ።

«ይልማ የት ነው?»

ቀና አልኩ። ይልማ ፊት ለፊቴ፣ መሰላሉን ተደግፎ። እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። እሱም እኔ የወሰድኳቸው መስሎታል።

ሐጂ ለካ ጠዋት ሊወጡ በሩ ድረስ መጥተው ኖሯል። መኪናዬ ዘግቶታል። ቢጠሩን እሰማ ነበር? እንጃ። ሁለታችንን ላለማስቀየም አልጠሩንም። በጓሮ በኩል፣ በዚያ በቆሻሻ መጣያው መሃል፣ በከዘራቸው ወጥተው ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ሊይዙ ሄዱ።

ያገኛቸው ይልማ ነው። የአውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ፣ ጎንበስ ብለው፣ እግራቸው አብጦ። እኔ መኪናዬን ከበሩ ላይ እስካነሳ ዘገየሁ። አሁን ሆስፒታል ተኝተዋል። እዚያው አጥበዋቸዋል። ይተርፋሉ ብላለች አስቴር። ከዚህ ሌላ አላናገረችኝም።

እሱ ማግኘቱም አስቀናኝ። ይሄን ጻፍኩት። ይቀመጥ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 22።

ሐጂ ቤት ገብተዋል። በሰዓቱ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የክሊኒኩ ቫን ወስዷቸዋል። ከእንግዲህ በቫን ነው የምሄደው ብለዋል። ቫኑ አይናገርም፣ አይቀናም።

ደጃፉ ላይ የፍራፍሬ ቅርጫት ተቀምጧል። የይ.። እኔ ከያዝኩት ይበልጣል።

አስቴር ራት ታቀርባለች፣ ትነሳለች። ጥፋቴን ልትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው። አትነግረኝም። ይሄ ከማዕቀብ ይከፋል።

እሑድ፣ ኦገስት 27።

ይቅርታ ልጠይቅ ወሰንኩ፤ በወጉ። ድንጋይ ተሸክሜ። በኦክላንድ ድንጋይ እንዲህ በቀላሉ መሬት ላይ አይገኝም። ከአትክልት መደብር ገዛሁ፤ ሻጯ ለፏፏቴ ነው ወይ አለችኝ። ለሽማግሌ ነው አልኳት።

አንገቴ ላይ ጭኜ የሐጂን ደረጃ ወጣሁ። ማን ቀድሞኛል? ይ.! ተንበርክኮ! አንገቱ ላይ ድንጋይ! ከኔ የሚተልቅ!

ከጎኑ ተንበረከክሁ። ላብ በላብ። «ጋሼ፣ ከበደዎት?» አለ በሹክሹክታ። ባዶ ነው የመሰለኝ አልኩ።

ሐጂ በሩን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩን። ተነሱ አላሉም። «ወላሂ፣ እኔ በናንተ መሃል የተኛሁ ሣር ነኝ? ስትገፋፉ አንዳችሁ እንኳ ወደ ታች አላያችሁም።» ድምፃቸው ደከመ። ቀጥለው፦ «ድንጋዩን አውርዱት። አንዳችሁ አዳራሹን ያዙ። አንዳችሁ እኔን ያዙኝ፤ ሦስቱንም ቀን። ማን የቱን እንደሚይዝ እኔ አልመርጥም። እመርጣለሁ ብዬ ነው የታመምኩት። ሂዱና ተነጋገሩ።»

በሩ ተዘጋ።

ሰኞ፣ ኦገስት 28። ወደብ፣ ሰልፍ ላይ።

ሬዲዮ፦ ህንድና ቻይና ዶክላም ላይ ፍጥጫውን ሊያበቁ ተስማሙ። ሁለቱም አሸነፍን ይላሉ። ቡታን ምን እንዳለች ሬዲዮው አልነገረኝም።

ደወልኩለት። ራሴ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ እሱም ስልኩን እያየው ነበር። ሰላምታ፣ ጤና፣ ልጆች። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ፦ ሐጂን እኔ ልውሰድ!

ተናደድኩ። ይሄንንም ሊቀማኝ? ሩቅ ብሆንም ሥራዬ ማታ ነው፣ ጠዋት ይመቸኛል አለ። እኔ ቅርብ ነኝ አልኩ። አዳራሹን እርስዎ ይያዙ፣ ይገባዎታል አለ። አይ፣ ለእርስዎ ነው የሚገባው አልኩ። ሰው እንዲህ ጨዋ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም፤ ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ እውነቱን ነገርኩት። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መሰላል ሰው አያግድም፤ የእኔ መኪና አገደ። ስለዚህ ማመላለሱ የኔ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃውን ውሰደው። አንተ አልኩት፤ ሳላስበው። «እሺ ጋሼ» አለ። ድምፁ ቀዘቀዘ። ማመላለሱ ስላመለጠው ቅር እንዳለው ገባኝ።

ጭነት ለሚመድብልኝ ዲስፓቸር ነገርኩት፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጭነት አልወስድም። ምክንያት ጠየቀኝ። የጸጥታ ጉዳይ ልለው ነበር። ሰው አመላልሳለሁ አልኩ።

ውሳኔ፦ ነገ 1 ሰዓት ተኩል በራቸው ላይ ነኝ። መኪናዋን ራቅ አድርጌ አቁሜ፣ በእግሬ። ከከፈቱልኝ ክንዴን እሰጣቸዋለሁ።